ጋሽ ገመቹና የሙዝ ካርቶኑ

ጋሽ ገመቹን መጠርጠሬ ምን እንዳስከፈለኝ ከመጀመሪያው ልናገር፤ ዋጋውን ደብቆ ዕቃውን የሚያሞግስ ነጋዴ አልወድም። አንድ ወዳጅ አስከፍሎኛል። በገዛ ፊርማዬ «ቸልተኛ ነኝ» ብዬ ለመንግሥት የሰጠሁት አንድ ወረቀት አስከፍሎኛል። ከሱቄ በስተኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይሰለፍበት የነበረውን ጠረጴዛም አስከፍሎኛል፤ አሁን የሩዝ ከረጢት ተደርድሮበታል። የቀረውን መጨረሻ ላይ እደምረዋለሁ።

የሞታቸውን ወሬ ያመጣችልኝ አስካለ ናት። አስካለ ጋሽ ገመቹ የሚያመልኩበት የአማርኛ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪ ናት፤ ወሬ እሷ ጋ ሳይደርስ ወሬ አይባልም። አምስት ፓውንድ ሽሮ ስመዝንላት፣

«ያ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ሞተ አሉ» አለችኝ። «ብሩክሊን ፓርክ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ። ሞተር ሳያስነሳ፣ መሪውን እንደያዘ።»

«ሰውዬው ስም አላቸው» አልኳት።

«ስማቸውንማ እናውቃለን። ይሄኛውን ያወጣህላቸው አንተ አይደለህ እንዴ በላቼ?»

ሽሮውን ሁለት ጊዜ መዘንኩት።

ሱቄ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሻንጣ፣ የስልክ ቻርጀር፤ የጠየቅኸኝ ካለ እሸጥልሃለሁ፣ ከሌለ «ነገ ይገባል» እልሃለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያስተማረችኝ መርካቶ ናት። የመርካቶ የመጀመሪያ ትምህርት ደግሞ «በነፃ የሚሠራልህን ሰው ፍራ» የሚል ነው። ጋሽ ገመቹ በነፃ ነበር የሚሠሩት።

በአዘቦት ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናቸው። የወለጋ ሰው፤ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው አማርኛ፣ ፎርማቸው እንግሊዝኛ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተው፣ አረንጓዴ ፔርሙዛቸውን አንጠልጥለው ይመጡና የኋላው ጠረጴዛ ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። የዜግነት ፎርም፣ የሥራ ፈቃድ፣ የልጅ ኢንሹራንስ፣ ያመጣህላቸውን ይሞላሉ። ሰው ወረፋውን ሲጠብቅ በርበሬ ይገዛል። ስለዚህ ጥርጣሬዬን ዋጥ አድርጌ ሻይ አቀርብላቸው ነበር።

አሞላላቸው እንዲህ ነው። ጥያቄውን ያነቡና በምትሰማው ቋንቋ ይነግሩሃል። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስተው ይጠብቃሉ። «እውነቱን ንገረኝ። እኔ ጸሐፊ እንጂ ደራሲ አይደለሁም» ይላሉ። ሰው ነገር ማስረዘም ሲጀምር አይቆጡም፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። ቀጭ። በቃ። ያቺን ድምፅ ከፖሊስ ሳይረን አስበልጦ የሚፈራ ስንት ሰው አይቻለሁ።

እኔንም አስቀምጠውብኛል። የእህቴን ልጅ ላመጣ ፎርም ይዤ ቀረብኩ። «ልጅ» ብለው እንዲጽፉት ፈለግሁ።

«ወለድከው?»

«አሳደግኩት እኮ ጋሽ ገመቹ። አባትህ ማን ነው ቢሉት የእኔን ስም ነው የሚጠራው።»

«ማሳደግህን እግዚአብሔር ያውቃል። ወረቀቱ የሚጠይቀው የወለደውን ነው።»

ቀጭ። ልጁ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ነው። ይህን የምጽፈው አንባቢ ከየት ተነስቼ እንደጠረጠርኳቸው እንዲያውቅ ነው። ቂም የሌለበት ጥርጣሬ ብዙም አይራመድም።

ጊዜው ቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ ድንበሩ ላይ ግንብ፣ ግንብ የሚልበት ነበር። ሱቄ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ግንብ የሚሉትን ሰዎች ሲረግም ጋሽ ገመቹ ብቻቸውን «ይሠራ» ይላሉ። ቤታቸው ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ፣ እኛ ስሙን የማንጠራውን ወገን የምርጫ ሰሌዳ ተክለዋል። «እርስዎ ራስዎ ስደተኛ ሆነው!» ሲባሉ ፔርሙዛቸውን ይከድኑና አንዲቷን ታሪክ ይናገራሉ።

ኬንያ፣ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ኖረዋል። ውኃ የሚቀዳው በሰልፍ ነው። ፀሐዩ ስለማያስቆም ሰው በራሱ ፈንታ ድንጋይ ያስቀምጥና ጥላ ይፈልጋል። ድንጋዩ አንተ ነህ። ማንም አይነካውም፤ ሶማሌው፣ ሱዳኑ፣ ኮንጎው፣ ሁሉም የየራሱን ድንጋይ ያውቃል። አንድ ቀን ጎረምሶች መጥተው ድንጋዮቹን በእግራቸው ገፍተው ቀዱ። የዚያን ቀን ውኃው ጋሽ ገመቹ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ሚስታቸው ታማ ነበር።

«በውኃ ጥማት አይደለም የሞተችው» ይላሉ፤ ማጋነን አይወዱም። «ፋይላችን ሲመረመር በሰባተኛው ዓመት ነው የሞተችው። ግን ድንበር ዘሎ የሚገባ ሰው ባየሁ ቁጥር የምትታየኝ ያቺ የተገፋች ድንጋይ ናት። ያ ሰው ክፉ ነው አላልኩም። ጠምቶታል። እኔም ጠምቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ጠባቂ የሌለው ቧንቧ ማን ይሰለፍበታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔስ ምን አልኩ? ጠባቂ ይኑረው ነው የምለው። አንተ ሱቅህን ሳትቆልፍ ታድራለህ?»

«ሱቄን ስቆልፍ ውጭ የሚሞትብኝ ደንበኛ የለም።»

ሳቁ። መሸነፍ ሲቀርባቸው ይስቃሉ፤ ሐሳባቸውን ግን አይለውጡም።

ትዕግስት የመጣችው በዚህ መሃል ነው። አባቷ መርካቶ ጎረቤቴ ነበር። ብራዚል በአውሮፕላን ገባች፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር በጫካ፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወንዙን። ከወንዙ ማዶ ለጠባቂዎቹ እጇን ሰጠች። ወራት አስረው «ፍርድ ቤት ስትጠሪ ቅረቢ» ብለው ለቀቋት። የሥራ ፈቃድ እስኪወጣላት ከጓደኞቿ ጋር ሴንት ሉዊስ ፓርክ ተቀመጠች፤ ሲወጣላት እኔ ጋ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። ፈጣን፣ አፈኛ፣ ደንበኛ የምትይዝ ልጅ። ያንን የሥራ ፈቃድ የሞሉላት ጋሽ ገመቹ ናቸው።

«ይሄ ሕጉ የሰጠሽ ነው፤ ስለዚህ እሞላልሻለሁ» አሏት። «ስለ ጉዳይሽ ብትጠይቂኝ ግን፣ ተመለሺ ነው የምለው።»

«ድንጋይዎን የገፋሁት እኔ ነኝ አይደል ጋሽ ገመቹ?» አለች ሻዩን እያስቀመጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨለማ ነበር፣ አላየሁትም።»

እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ የሚቀበሉት ከእሷ ብቻ ሆነ።

ቤት ስትቀይር ጥቁር ደብተራቸውን አወጡ። «የት ነው አሁን የምትኖሪው? አድራሻ መቀየሪያ ፎርም አለ፣ እንሙላው። ፍርድ ቤት የሚጽፈው በያዘው አድራሻ ነው።»

እኔ ከካውንተሩ ሆኜ ገባሁበት። «ይተዉት ጋሽ ገመቹ! ስትፈታ የሰጠችው አድራሻ የሱቁ ነው። ደብዳቤዋ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ አለሁ።»

«አንተ አለህ?»

«እኔ አለሁ አልኩ እኮ።»

አዩኝ። ደብተሩ ላይ ግን አዲሱን አድራሻዋን ጻፉት።

ስለ «እኔ አለሁ» ላስረዳ። የእኛ ሰው ከመጣ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት አንድ ቤት አይረጋም፤ ዛሬ ከዘመድ፣ ነገ ከጓደኛ። ስለዚህ ደብዳቤው ሁሉ የሚመጣው የማይንቀሳቀስ አድራሻ ወዳለው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከካውንተሩ ሥር አንድ የሙዝ ካርቶን አለኝ፤ የሃያ ሰው ደብዳቤ እዚያ ይጣላል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ፈልጎ ይወስዳል። ማንም አልከፈለኝም፤ ማንንም አላስከፈልኩም። በነፃ የሚሠራን ሰው መፍራት ካለብህ እኔንም መፍራት ነበረብህ።

በመከር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትዕግስትን ከአፓርታማዋ በር ላይ ወሰዷት። አብራት የምትኖረው ልጅ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

እኛ አገር ሰው ሲታሰር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አደረገ?» አይደለም፤ «ማን ጠቆመበት?» ነው። ያንን ጥያቄ ከበርበሬው ጋር ሻንጣችን ውስጥ ይዘነው መጥተናል። እዚህ አገር መሥሪያ ቤት ጠቋሚ ሳያስፈልገው በወረቀት ብቻ ሰው ሊያስር እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አስካለ መጣች።

«ማን ነው ግን?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? «ግን አድራሻዋን በደብተር የጻፈው ማን ነው?»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ደግሞ ያየሁትን ጨመርኩላት፦ ሰማያዊ ፒክአፕ የሚነዳ ነጭ ሰውዬ አንዳንድ ቅዳሜ ይመጣና ከጋሽ ገመቹ ጋር ውጭ ቆመው ያወራሉ። ሰውዬው ኮፍያውን አያወልቅም። ሱቅ አይገባም። «የኢሚግሬሽን ሰው ይመስለኛል» አልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ «የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ» የሚላቸው ጋሽ ገመቹን ሆኖ አገኘሁት። እኔ ስለ ፒክአፑ ሰውዬ ነበር የተናገርኩት፤ ስሙ ግን ማን ላይ እንደሚለጠፍ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጋሽ ገመቹ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። እስከ ሰባት ሰዓት ሁለቱ እስክሪብቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ዋሉ።

«በላቸው፣ ሰዉ ምን ሆነ?»

«በረዶው ነው፣ ጋሽ ገመቹ።»

በመስኮቱ አዩ። «በረዶ አልጣለም።»

«ሊጥል ነው።»

ከሳምንት በኋላ አንዱ ወጣት ደፍሮ ጠየቃቸው፤ እኔ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የጠቆሟት?»

«እኔ ብሆን ለእሷ ነግሬ ነው የማደርገው» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ንጹሕ ሰው ይምላል፣ ይገዘታል፣ ያለቅሳል ብሎ የሚጠብቅ ሕዝብ ይህን ሲሰማ «አመነ» አለ። በቤተ ክርስቲያናቸው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡበት ተራ ለሌላ ተሰጠ። መኪናቸው በር ላይ አንድ ሰው በቁልፍ ረጅም ጭረት ጫረ።

በዚያው ሳምንት የስልክ ቢሌን ስፈልግ ካርቶኑን ገለበጥኩት። ከካርቶኑ ሥር፣ ከአንድ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ተጣብቆ፣ የፍርድ ቤት ፖስታ ወጣ። ለትዕግስት። ማኅተሙ የነሐሴ ነው። ከፈትኩት፤ እንግሊዝኛዬ ቀኑንና ሰዓቱን ለማንበብ ይበቃል። ቀጠሮዋ ካለፈ ቆይቷል። አልቀረበችም፤ በሌለችበት እንድትመለስ ፈርደውባታል ማለት ነው፤ ከዚያ የቤት ኪራይ የፈረመችበትን አድራሻ ፈልገው መጥተው ወሰዷት። ጠቋሚ የለም። ጠቋሚው ካርቶኔ ነው።

ምን አደረግሁ? ፖስታውን መልሼ ከታች አስቀመጥኩት፣ ማስታወቂያውን ከላይ። ሦስት ሳምንት። ለራሴ የነገርኩት ብዙ ነው፤ «አሁን ምን ይጠቅማል»፣ «የሃያ ሰው ደብዳቤ አለ፣ መንግሥት ሱቄ ቢመጣስ»፣ «ሽማግሌውስ ቢሆን እንድትመለስ አይደል የሚፈልገው»። ዕቃው መበላሸቱን እያወቀ የሚሸጥ ነጋዴ ለራሱ የሚለውን ሁሉ አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጋሽ ገመቹ ከቅዳሜ ውጭ መጡ። ሐሙስ፣ የአውቶቡስ ጃኬታቸውን እንደለበሱ። ሁለት ሰዓት ነድተው ትዕግስት የታሰረችበት እስር ቤት ሄደው ጠይቀዋት ነበር። ከእኛ መሃል እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሌለው ይፈራል፣ ያለው ሥራ አለው።

«ደብዳቤ አልደረሰኝም ትላለች» አሉ። «ካርቶኑን አውጣው።»

«የትኛውን ካርቶን?»

እጃቸውን ካውንተሩ ላይ አሳረፉ። እስክሪብቶ አልያዙም እንጂ ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ። ካርቶኑን አወጣሁ። ማስታወቂያውን አነሱት፣ ፖስታውን አዩት፣ መከፈቱን አዩ።

«መቼ አገኘኸው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

ሊሰድቡኝ ይችሉ ነበር። አፌ ምን እንዳወራባቸው ያውቃሉ፤ የመኪናቸው በር ውጭ ይታያል። ወንበር ስበው ተቀመጡና ወረቀት አወጡ።

«ስለ እኔ ያልከውን ተወው። ይሄን ንገረኝ፣ ልጻፍ። ጠበቃ አነጋግሬያለሁ። ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ያለ አንተ ቃል ግን ጭራሽ የለም ብሏል።»

ነጋዴ ነኝና የመጨረሻ ዋጋዬን ሞከርኩ። «ጋሽ ገመቹ፣ ትመለስ የሚሉት እርስዎ አልነበሩም? ይኸው እየተመለሰች ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ትመለስ ያልኩት በሕግ ነው! በሙዝ ካርቶን አይደለም!»

ጻፍን። ከ«ምናልባት ፖስታ ቤቱ አዘግይቶት» ጀመርኩ፤ ቀጭ። «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩ፤ ቀጭ። በአራተኛው «ተረከብኩ፣ አላየሁትም፣ አልሰጠኋትም፣ ካገኘሁትም በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ» አልኩ። እስክሪብቶው አልቆመም። ፈረምኩ። ፍርሃቴ ለትዕግስት ነው እንዳልል ለሱቄ ነበር።

ዳኛው ጉዳዩን እንደገና ከፈተው። ትዕግስት በታኅሣሥ ተፈታች፤ ከእስር ቤት ያመጧት ጋሽ ገመቹ ናቸው። ወደ ሱቄ ተመልሳ ሠራች። አልተቀየመችኝም፤ ደብዳቤዎቿ ግን በራሷ አድራሻ መምጣት ጀመሩ።

ስማቸውን ለመመለስ ሞከርኩ። መጀመሪያ ለአስካለ ነገርኳት። «ይሁን፣ ደብዳቤው አንተ ጋ ነበር» አለች። «ግን ፒክአፑስ?» ከዚያ፣ እኔ ኦርቶዶክሱ፣ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄጄ በምስክርነት ሰዓት ተነሳሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ሕዝቡ «ሃሌሉያ!» አለ፤ እነሱ ለሁሉም ሃሌሉያ ይላሉ። ስንወጣ አስካለ ክንዴን ያዘችኝ።

«አስፈራርተውህ ነው አይደል?»

ሐሜት እንደ ጤፍ ነው፤ ከተበተነ በኋላ እየለቀምክ ከረጢት አትሞላም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ የትዕግስት የጥገኝነት ጉዳይ በዳኛ ፊት ተሰማ። ሙሉ ቀን ተናገረች። ዳኛው አዳመጣት፣ ጠየቃት፣ አልተቀበላትም። ይግባኝ አልፈለገችም። «ደከመኝ» አለች። በራሷ ከአገር እንድትወጣ ቀን ተሰጣት። ያን ቀን ጋሽ ገመቹ ሱቅ ሲመጡ ፊታቸውን አየሁ፤ ደስታ ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ደስታ ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

«እንዴት ነው ፍርዱ?» አልኳቸው።

«በሥርዓት ነው። ተሰምታለች» አሉ። ሻዩን ግን አልጠጡትም።

አየር ማረፊያ የወሰዷት እሳቸው ናቸው፤ በዚያች በተጫረች መኪና። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሄድኩ፤ ሁለቱን ሻንጣዎች ከሱቄ ነው የሰጠኋት። ከውስጥ የሻንጣ ማስረከቢያው ሰልፍ እንደ እባብ ተጠማዟል። ትዕግስት ስታየው ግድግዳውን ተደገፈች፤ ሌሊቱን አልተኛችም ነበር።

«ሂጂ፣ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በይ» አሏት።

«ወረፋው ያመልጠኛል።»

«እኔ እቆምልሻለሁ።»

ቆሙ። አርባ ደቂቃ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ ሻንጣዎቹን በእግራቸው ገፋ ያደርጋሉ፣ ይቆማሉ። አንድ የቸኮለ ሰው ጥሷቸው ሊገባ ሲል እጃቸውን ዘርግተው «ሰር፣ ሰው አለ» አሉት። ተራዋ ሲደርስ ዞረው ጠሯት። ትዕግስት መጥታ አቀፈቻቸውና በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅሁም።

ስንመለስ ሱቄ በር ላይ አስካለ ቆማ ነበር። መኪናዋን አየች፣ እሳቸውን አየች። እሳቸው ሲሄዱ «አየህ?» አለችኝ። «ራሳቸው ወስደው አሳፈሯት።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ገመቹ ቅዳሜ አልመጡም። ደወልኩላቸው። «አልተቀየምኩህም በላቸው» አሉ። «ግን የሚሞላ ፎርም የለም።» እውነት ነበር፤ ሰዉ አሁን ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ደራሲ ወዳለበት። ከስምንት ወር በኋላ አስካለ ለሽሮ መጣች።

ቀብራቸው ላይ አንድ ነጭ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ፣ ከማናችንም በላይ ሲያለቅስ አየሁት። ሰማያዊው ፒክአፕ ውጭ ቆሟል። የአውቶቡሶቹ መካኒክ ነው፤ ለምርጫ ስብሰባ አብረው ይሄዱ ኖሯል። ሱቄ ለምን እንደማይገባ ጠየቅሁት፤ የበርበሬ ሽታ ያስነጥሰዋል።

በድንበር ጉዳይ ከጋሽ ገመቹ ጋር አልተስማማንም፤ እሳቸው አልለወጡኝም፣ እኔም አልለወጥኳቸውም። የቀረውን እደምራለሁ ብያለሁ። ትዕግስት አዲስ አበባ ናት። የእህቴ ልጅም እዚያው ነው። ካርቶኑን ጥያለሁ። ስማቸውን ያጠፋሁት በአምስት ቀን ነው፤ ለመመለስ ሁለት ዓመት ሠርቼ አንድ ሰው እንኳ አላሳመንኩም። ቀብራቸው ላይ አስራ አራት ሰው ነበር፤ እኔን ጨምሮ።